የመርከበኞች ዜማና የአባታችን አውድማ

የሰው አገር ዘፈን ለምን ይጠቅመናል የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ብዙ ዘመን እንደዚሁ ስናስብ ኖረናልና። ዛሬ ስለ አንዲት ሩቅ ደሴት ዘፈን ልንጽፍ ብዕራችንን ያነሣነው ዘፈኑን ለማወደስ ብቻ ሳይሆን፣ በእርሱ ምክንያት የታየንን የራሳችንን ጥፋት ለመናዘዝ ጭምር ነው።

ነገሩ የጀመረው በቤታችን ውስጥ ነው። የእኅታችን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጊታር መምታት ይወድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሳይሄድ፣ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ መጥቶ ከአጠገባችን ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ አያቴ በአውድማ ላይ ሲያበራዩ ያዜሙት የነበረውን ዜማ ያስተምሩኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በጊታርና በከበሮ ልንዘፍነው አስበናል» አለን። እኛም ነገሩን ሳናሰላስል፣ «የአያትህ ዜማ የላብ ዜማ ነው፤ እህል ሲወቃ የሚዜም እንጂ በአምፑል ብርሃን የሚጨፈርበት አይደለም። እንዳታረክሰው ተወው» ብለን መለስንለት። ልጁ ሰው አክባሪ ነውና አልተከራከረንም። «እሺ ጋሼ» ብሎ ተነሣ፤ ጊታሩንም ይዞ ሄደ። ዳግመኛም አልጠየቀን።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ካናዳ ተሻገረ። የደረሰውም ኒውፋውንድላንድ በምትባለው ታላቅ ደሴት፣ በሴንት ጆንስ ከተማ በሚገኘው በሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በመንገደኛ እጅ ትንሽ እሽግ ላከልን። ከውስጡ የተገኘው ግሬት ቢግ ሲ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን በ1997 ዓ.ም. «ፕሌይ» በሚል ስም ያወጣው አልበም ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብራ የመጣችውም ብጣሽ ወረቀት፣ «ጋሼ፣ ‹ጄኔራል ቴይለር› የሚለውን አስቀድመው ይስሙት» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልተጻፈባትም።

እኛ ግን ልጅ ምን ያዘናል ብለን ከመጀመሪያው ጀመርን። የመጀመሪያው ዘፈን ቡድኑ ራሱ የደረሰው አዲስ ዘፈን ነው። ፈጣንና ደስ የሚል ቢሆንም በየሻይ ቤቱ ከምንሰማው የባዕድ ዘፈን ብዙ የተለየ ሆኖ አልታየንም። እየቆየንም ስንሰማ አር ኢ ኤም የሚባለው የአሜሪካ ቡድን በ1987 ዓ.ም. ያወጣውን፣ ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚናገረውን ዘፈን፣ ምላስ እስኪያደናቅፍ ድረስ አፍጥነው ሲጫወቱት አገኘን። «እንግዲህ ልጁ ሊያሳየን የፈለገው ይህን ነውን?» ብለን ልንዘጋው እጃችንን ስንሰነዝር፣ ያ ወረቀት ትዝ አለንና ወደ ታዘዝነው ዘፈን ተመለስን።

በዚያን ጊዜ መሣሪያው ሁሉ ዝም አለ። ጊታር የለ፣ አኮርዲዮን የለ፤ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ያወጣል፤ የቀሩት ይቀበላሉ። አንዱ እንደ ገና ያወጣል፤ የቀሩት ደግሞ በሙሉ ደረታቸው ይቀበላሉ። የቋንቋውን ዘይቤ በደንብ ሳንለይ የትንፋሹን ልክ ግን ወዲያው ዐወቅነው። ከወንበራችን ተነሥተን ቆምን። ይህ የዘፋኝ ትንፋሽ አይደለም፤ ከባድ ነገር ለማንሣት በአንድነት የሚተነፍሱ ሰዎች ትንፋሽ ነው። እኛ ይህን ትንፋሽ የሰማነው በባሕር ላይ ሳይሆን በአባታችን አውድማ ላይ ነበረ።

ስለዚህ ዓይነት ዜማ ለአንባቢ ጥቂት መግለጽ ይገባናል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ መርከብ በሸራና በነፋስ ይሄድ በነበረበት ጊዜ፣ የንግድ መርከብ ሥራ ሁሉ በሰው ጡንቻ የሚሠራ ነበረ። መልሕቁን ለማንሣት መርከበኞቹ በአንድ ግንድ ዙሪያ ተሰልፈው፣ በግንዱ ላይ የተሰኩትን ዱላዎች በደረታቸው እየገፉ ይዞሩ ነበር። ሸራውን ለመስቀል ደግሞ ገመዱን በአንድነት ይስቡታል። ኃይላቸው በአንዲት ቅጽበት ካልተገናኘ ሸራው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አውራጅ ያስፈልጋል። አውራጁ አንዲት ስንኝ ያወጣል፤ ተቀባዮቹም በምላሹ ውስጥ ከተወሰነች ቃል ላይ ሲደርሱ በአንድነት ይስባሉ። ሥራው ረዥም እንደ ሆነ አውራጁ ስንኝ ይጨምራል፤ አጭር እንደ ሆነ ያሳጥራል። ስለ አለቃው ስስት፣ ስለ ምግቡ ክፋት፣ ወደብ ላይ ስለ ቀረችው ሴት ከራሱ እየፈጠረ ያስገባል። እንግዲህ ዜማው አሮጌ ሲሆን ግጥሙ በየቀኑ ይታደሳል ማለት ነው። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስባታለንና።

እኛን ያስነሣን ዘፈን የሚያወሳው ዘካሪ ቴይለር የተባለውን አሜሪካዊ ጄኔራል ነው። ይህ ሰው ከ1846 እስከ 1848 ዓ.ም. በተደረገው የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት ስመ ጥር የሆነ፣ ኋላም ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃ፣ በ1850 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ እንዳለ የሞተ ነው። መርከበኞች ስለ አንድ የምድር ጦር ጄኔራል ማዜማቸው ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ገመድ ለሚስብ ሰው የታሪኩ ባለቤት ማንም ቢሆን ግድ የለውም፤ ስሙ ከስበቱ ጋር ከገጠመለት ይበቃዋል።

የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ገመድ መሳብ ቀረ፤ ገመዱ ሲቀር ዜማውም ሥራ ፈታ። ከመጨረሻዎቹ አውራጆች አንዱ የሆነው ስታን ሂዩጊል የተባለ እንግሊዛዊ የሠራበት ጋርትፑል የሚባለው ባለ ሸራ መርከብ በ1929 ዓ.ም. ተሰበረ። እርሱም የሚያውቃቸውን ዜማዎችና ከአረጋውያን መርከበኞች የሰበሰባቸውን ጨምሮ በ1961 ዓ.ም. በትልቅ መጽሐፍ አሳተማቸው። ያ ሰው ባይጽፍ ኖሮ ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው ጋር በተቀበሩ ነበር።

ወደ ደሴቲቱ እንመለስ። የኒውፋውንድላንድ ሕዝብ የአብዛኛው ዘር ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝና ከደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ የመጣ ነው። ያመጣውም ኮድ የሚባለው ዓሣ ነው። ጆን ካቦት በ1497 ዓ.ም. ወደዚያ ባሕር ደርሶ ሲመለስ፣ ዓሣው ከብዛቱ የተነሣ ቅርጫት ወደ ውኃው በማውረድ ብቻ ይያዛል የሚል ወሬ በአውሮፓ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ያገሩ ሰው ጎጆውን የሠራው፣ ልጁን የዳረው፣ ዕዳውን የከፈለው በዚህ ዓሣ ነው። በ1949 ዓ.ም. አገሪቱ ከካናዳ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ መንግሥት በየባሕር ዳሩ ተበታትነው የሚኖሩትን ትንንሽ መንደሮች መሰብሰብ ጀመረ። ከ1954 እስከ 1975 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሦስት መቶ ያህል መንደሮች ተለቀው ሠላሳ ሺህ ያህል ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። አንዳንዱ ሰው የእንጨት ቤቱን ከመሠረቱ ነቅሎ በውኃ ላይ እያንሳፈፈ በጀልባ ጎትቶ ወስዶታል።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ከሩቅ አገር የሚመጡ ታላላቅ የማጥመጃ መርከቦች ባሕሩን ስላጠቡት፣ በ1968 ዓ.ም. ብቻ ስምንት መቶ ሺህ ቶን ያህል የሰሜን ኮድ ተያዘ። በ1977 ዓ.ም. ካናዳ የባሕር ክልሏን ወደ ሁለት መቶ ማይል አስፍታ የባዕድ መርከቦችን ብታርቅም፣ የራሷ መርከቦች በፈንታቸው ገቡበት። በመጨረሻም ሐምሌ 2 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር 1992 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ፣ እርሳቸውም የዚያው አገር ተወላጅ ሲሆኑ፣ የሰሜን ኮድ ማጥመድ መከልከሉን አስታወቁ። በአንድ ቀን ሠላሳ ሺህ ያህል ሰዎች ሥራ አጡ። በ1991 ዓ.ም. ከ568 ሺህ በላይ የነበረው የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ በ2001 ዓ.ም. ወደ 513 ሺህ ያህል ወረደ። ክልከላው የተነሣው ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2024 ዓ.ም. ነው፤ ያም በዓመት 18 ሺህ ቶን ብቻ እንዲያዝ ተወስኖ ነው።

እነዚያ አራት ወጣቶች፣ አለን ዶይል፣ ቦብ ሃሌት፣ ሾን መካንና ዳረል ፓወር፣ ቡድናቸውን ያቋቋሙት ክልከላው በታወጀ በዓመቱ፣ በ1993 ዓ.ም. ነው። የቡድናቸውንም ስም ከአንድ ያገራቸው ጥንታዊ ዘፈን ወሰዱት፤ ትርጓሜው «ታላቅ ማዕበል» እንደ ማለት ነው። አለን ዶይል ፔቲ ሃርበር በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ያደገ ሲሆን፣ በልጅነቱ ከወደቡ ላይ የኮድ ምላስ እየቆረጠ ይሸጥ እንደ ነበረ በ2014 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። እንግዲህ እነዚህ ልጆች የአባቶቻቸውን ዜማ የያዙት ጀልባዎቹ በየወደቡ ታስረው በቆሙበት፣ እኩዮቻቸው ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ዋናው ምድር በሚሰደዱበት ወቅት ነበረ።

ይህን ካወቅን በኋላ አልበሙን እንደ ገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማነው። አሁን መልኩ ተለወጠብን። በኩቤክ ወደብ ግንድ ወደ መርከብ ይጭኑ የነበሩ ሰዎች ያዜሙት የነበረ ዜማ አለበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተውን የኒውፋውንድላንድ ሬጅመንት የሚያወሳ ዘፈንም አለበት። ያ ሬጅመንት ሐምሌ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ቦሞን ሃሜል በተባለው ስፍራ ስምንት መቶ ያህል ሆኖ ወደ ጦሩ ወጥቶ፣ በማግስቱ ስም ሲጠራ «አለሁ» ያሉት ስልሳ ስምንት ብቻ ነበሩ። እነዚህ አሮጌ ዘፈኖች ተራርቀው እንደ ተተከሉ ምሰሶዎች ናቸው፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው የደረሱት ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት፣ በተራ ቀን ውስጥ ስለሚገኝ ደስታ ይናገራሉ። ሁሉም እኩል ነው አንልም። አንዳንዱ የፍቅር ዘፈን ለስላሳና ተራ ነው፤ ከሬጅመንቱ ዘፈን ጋር በአንድ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ጨው ያነሰው ወጥ ይመስላል። ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚለውንም ዛሬም አልወደድንለትም።

ቢሆንም አንድ ክርክር በልባችን ውስጥ ቀርቶ ነበርና ለልጁ ስልክ ደወልን። «ይህ ዜማ ገመድ ለመሳብ የተሠራ ነው። እነዚህ ልጆች ገመድ አይስቡም። ሥራውን ሳይሠሩ የሥራውን ዜማ ማዜም ውሸት አይሆንምን?» አልነው። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ በዩኒቨርሲቲያችን በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመ የዜማና የተረት ማኅደር አለ። ሽማግሌዎች ያዜሙት ሁሉ በዚያ ተቀርጾ ይገኛል። እዚያም ገመድ የሚስብ የለም። ግን ማኅደሩን የሚሰማው ተመራማሪ ነው፤ እነዚህን ግን ሰው ሁሉ ይሰማቸዋል፤ ቆሞም ይቀበላቸዋል» አለን። ቀጥሎም ባገሩ በ1927 ዓ.ም. ጄራልድ ዶይል የሚባል የመድኃኒት ነጋዴ የሕዝቡን ዘፈኖች ከመድኃኒቱ ማስታወቂያ ጋር በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ በየመንደሩ በነፃ ያድል እንደ ነበረ ነገረን። «ማስታወቂያ ታትሞበታል ብለው መጽሐፉን አልጣሉትም፤ ዘፈኑን ከውስጡ አወጡት» አለን።

ስለ መሣሪያውም ጠየቅነው። እርሱም እነርሱ የሚጫወቱት ቡዙኪ ከግሪክ ወደ አየርላንድ የገባው በ1960ዎቹ መሆኑን፣ አኮርዲዮንም ራሱ በ1829 ዓ.ም. በቪየና የፈጠራ መብት የተሰጠበት መሣሪያ መሆኑን አስረዳን። እኛም በወጣትነታችን ባዲስ አበባ የሰማነውና እንደ ራሳችን የምንቈጥረው አኮርዲዮን በመርከብ ተጭኖ የመጣ እንግዳ መሆኑን አስበን ዝም አልን። ለአኮርዲዮን የፈቀድነውን ለጊታር የከለከልነው በምን ሕግ ነው? ሕጉ አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም አኮርዲዮን ሲመጣ እኛ ልጆች ነበርን፤ ጊታሩ ሲመጣ ግን ሸምግለናል።

በዚያች ሌሊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። የአባታችንን የአውድማ ዜማ ጽፈን ለልጁ ልንልክለት ቈርጠናል። ዐይናችንን ስንጨፍን ሁሉም መጣልን፤ በቀይ አፈርና በእበት የተለቀለቀው አውድማ፣ በዙሪያው የሚዞሩት በሬዎች፣ ከመንሹ ጫፍ ተነሥቶ በፀሐይ የሚያብለጨልጨው ገለባ፣ የአባታችን ረዥም አለንጋ። ዜማውም መጣልን፤ ጣታችን ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። የተቀባዩን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳናጐድል ጻፍነው።

የአውራጁን ክፍል ልንጽፍ ስንል ግን እጃችን ቆመ። አንዲት ስንኝ መጣች፤ ሁለተኛይቱ በግማሽ መጣች፤ ሦስተኛይቱ ግን ፈጽማ አልመጣችም። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብንቀመጥ ምንም ልናገኝ አልቻልንም። ምክንያቱንም ያን ጊዜ ተረዳነው። እኛ በዚያ አውድማ ላይ ልጆች ነበርን፤ ሥራችንም በሬዎቹን እየነዱ መቀበል ብቻ ነበረ። ማውረድ የአባታችን ፈንታ ነው። የሚቀበል ሰው የአውራጁን ቃል ይሰማል እንጂ አይሸከመውም፤ ነገም ያወርደዋል ብሎ ይተማመናልና።

በማግስቱ ወደ ተወለድንበት ቀበሌ ስልክ ደወልን። ከአባታችን ጋር በደቦ ሲሠሩ የኖሩ፣ አባታችን ሲደክሙ በፈንታቸው ያወርዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ስልኩን አነሣልን። ሽማግሌው ባለፈው ዓመት፣ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ማረፋቸውን ነገረን። የእኅታችን ልጅ ጊታሩን ይዞ ወደ እኛ በመጣበት በዚያ እሑድ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ጆሯቸውም ይሰማ ነበር። «ሂድና እርሳቸውን ጠይቅ» የሚል አንድ ቃል ከአፋችን ቢወጣ ኖሮ ይበቃ ነበር። እኛ ግን «እንዳታረክሰው» አልን። ከመርከስ ጠበቅነው ብለን ከመጥፋት ግን አላዳንነውም።

ይህን የምንጽፈው በመሥሪያ ቤቱና በትምህርት ቤቱ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንዲፈርዱብን ነው። ብዙዎቻችን የአባቶቻችንን ቅርስ እንወዳለን እንላለን፤ ፍቅራችን ግን አንዳንድ ጊዜ ሣጥን ውስጥ ቈልፎ ቁልፉን እንደ መጣል ያለ ነው። ወጣቱ እጁን ሲዘረጋ እጁ ንጹሕ መሆኑን እንመረምራለን፤ እስክንመረምር ድረስ ግን የሚሰጠው ሰው ያልፋል። ጥንቃቄ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ዜማውን የሚያበላሽ፣ ከማን እንደ ተቀበለው የማይናገር፣ የአያቱን ሥራ የራሱ አድርጎ የሚሸጥ ሰው መኖሩን እናውቃለን። እንዲህ ያለውን ለመከላከል ግን መንገዱ ዜማውን መደበቅ አይደለም፤ ዜማውን ከነባለቤቱ ስም፣ ከነሥራው፣ ከነስፍራው አስተምሮ መስጠት ነው።

አሁን ቀደም ሲል በአደራ ወደ ሰጠናት ነገር እንመለስ። በመርከብ ላይ አውራጁ እንደ ሥራው ርዝመት ከራሱ ስንኝ ይጨምር እንደ ነበረ ተናግረናል። አባታችንም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም። በሬው ሲሰንፍ ስለ በሬው፣ ዝናም ሲያስፈራ ስለ ደመናው፣ ጎረቤት ሲዘገይ ስለ ጎረቤቱ ወዲያውኑ እየፈጠሩ ያስገቡ ነበር። እንግዲህ አሮጌና አዲስን መቀላቀል እነዚያ የደሴት ልጆች ያመጡት ፈጠራ አይደለም፤ ዜማው ገና በሕይወት ሳለ የኖረበት ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ያለንን ላክን። በእጅ ስልካችን ላይ፣ በሩን ዘግተን፣ በሻከረ ድምፃችን የተቀባዩን ክፍል ሦስት ጊዜ ደጋግመን አዜምነው። ያችን አንዲት ሙሉ ስንኝና ያችን ግማሿን አከልንበት። ከዚያም ለልጁ እንዲህ ብለን ጻፍንለት፤ «የእኔ ልጅ፣ ባለፈው የመለስኩልህ መልስ ልክ አልነበረም። ዜማው ይኸው። የአያትህን ቃል ግን ላገኘው አልቻልኩም፤ የሚያውቁትም ሽማግሌ አርፈዋል። የቀረውን አንተ አውርድ። ብቻ ስትዘፍነው የአያትህን ስም ጥራ፤ የአንተ የሆነውንም የአንተ ነው በል።»

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ምስጋና ይኖረዋል ብለን ስንጠብቅ የመጣው ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ በሬዎቹ ስማቸው ማን ማን ነበር?» ይላል። እኛም ወረቀታችንን እንደ ገና አወጣን። የአምስቱንም በሬዎች ስም፣ የቀለማቸውንም ዓይነት፣ የትኛው ሰነፍ የትኛው ብርቱ እንደ ነበረ ሳይቀር አስታወስነው፤ ጻፍንለትም።